ቀይ ክር የታሰረባት አተር

ባለፈው ሰኔ፣ በምሠራበት የዩኒቨርሲቲው የሙከራ ማሳ ጥግ ላይ፣ ሠራተኞቹ የነቀልነውን የታመመ የላም አተር ጉድጓድ ውስጥ ከምረው ሲያቃጥሉ፣ ነፋስ ከሐይቁ በኩል ተነሥቶ ጭሱን ወደ እኔ መለሰው። እርጥብ ሐረግ ሲቃጠል የሚሸተው እንጨት ሲነድ እንደሚሸተው አይደለም፤ መጀመሪያ የተቀቀለ ጎመን ይመስላል፣ ከዚያ እየመረረ ሄዶ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል፣ ልብስ ውስጥ ከገባም እስከ ማግስቱ አይለቅም። የሥራ ባልደረቦቼ ፊታቸውን ሸፍነው ወደ ዛፉ ጥላ ሲሸሹ እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አንዷ «አስቴር፣ ዐይንሽን አያቃጥልሽም እንዴ?» ስትለኝ ሰማኋት። በሐሳቤ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ሐዋሳ ውስጥ፣ አላሙራ ተራራ ግርጌ በነበረው ጓሯችን፣ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ከአባቴ ጎን ቆሜ ነበር።

አባቴ ኩሴ በዚሁ ማሳ ላይ የጉልበት ሠራተኛ ነበር። ማለዳ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ ሲኮተኩት፣ ውኃ ሲያጠጣ፣ ቁጥር የተጻፈባቸውን እንጨቶች በየመደቡ ሲተክል ይውልና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጫማውን አቧራ አልብሶ ይመለስ ነበር። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ቢሆንም የሰማውን አይረሳም፤ መምህራኑ ለተማሪዎቻቸው ሲያስረዱ ዶማውን ተደግፎ ከኋላ ያዳምጥና፣ ማታ ራት ላይ ቃል በቃል ለእናቴ ይደግምላት ነበር። እናቴም እህሉን እያቀረበች «ዛሬ ደግሞ ስንተኛ ዓመት ደረስክ?» ትለው ነበር፤ እሱም ሳይስቅ «ሦስተኛ ዓመት፣ ሁለተኛ ሴሚስተር» ይላት ነበር።

እናቴ ለትዳር ከኮንሶ ስትመጣ ከልብሷ በቀር ይዛው የመጣችው ነገር እናቷ በቅል ሞልታ የሰጠቻትን ዘር ብቻ ነበር። ፍሬው ትንሽ፣ ቡናማ፣ ዐይኑ ዙሪያውን ጥቁር ነው። እሷ በአገሯ ቋንቋ በስሙ ትጠራዋለች፣ አባቴ ከሥራ ቦታው እንደሰማው የላም አተር ይለዋል፣ ጎረቤቶቻችን ግን አንዱን ከአንዱ ሳይለዩ ቦሎቄ ብለውት ያልፉ ነበር። ቅጠሉን ለጋ ሳለ እየቀጠፍን ከበቆሎ ድብልብል ጋር ቀቅለን ኩርኩፋ እንሠራበታለን፣ ፍሬውን ስንፈልግ እሸቱን፣ ስንፈልግ ደረቁን እንበላለን። እኔ ልጅ ሳለሁ በእናቴ አገር ዝናብ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ቀረና ሰዉ ለዘር ያስቀመጠውን ሳይቀር በላው፤ አያቴም በአጎቴ ስልክ «ያ ዘር አሁን ያለው አንቺ ጋ ብቻ ነው፣ ጠብቂልኝ» ብላ ላከችባት። እናቴ ቃል ገባች። አጎቴ ዝናቡ ሲስተካከል ባዶ ቅሉን ይዞ ሐዋሳ ይመጣና ሞልታለት ይመለሳል ተባለ። ቤታችን ውስጥ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ነገር ሁሉ ይህን ቅል ለመሙላት ይደረግ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

በልግ ሲቃረብ፣ ከታቦር ተራራ ጀርባ የመጀመሪያው ደመና ሲጠቁር፣ አባቴ እንቅልፍ ያጣ ነበር። የመጀመሪያዋን ዝናብ ጠብቆ በጓሮው ዙሪያ ሦስት ረድፍ በቆሎ ይዘራል፤ አተሩን ከሁለት ሳምንት በኋላ በመሐሉ ይዘራና ከዚያች ቀን አንዲት ቀን እንኳ ማሳለፍ አይወድም፤ ዘግይቶ የተዘራ አተር በጨቅላነቱ ክሽክሽ ያገኘዋል ይል ነበር። ክሽክሽ ከቅጠል ሥር ተደርድሮ የሚመጥ ጥቁር፣ ጥቃቅን ተባይ ነው። «እሱ ራሱ ብዙም አይጎዳም፤ ክፋቱ አፉ ላይ በሽታ ይዞ መምጣቱ ነው» ብሎ አስረዳኝ። «ከውጭ ሲመጣ መጀመሪያ በቆሎው ላይ ያርፋል፣ ይቀምሰዋል፣ አይጥመውም። አፉን በበቆሎው ጠርጎ ከመጣ ግን ወደ እኛ ቢገባም ግድ የለም።» በረድፎቹ መሐል ባዶ መሬት እንዳይታይ ገለባ ያለብሳል፤ አጥሩ ሥር የበቀለውን አረምም ክሽክሹን በእንግድነት እንዳያሳድር ብሎ ከነሥሩ ይነቅላል።

አጥር የምንጋራቸው እትዬ ዳንጊሴ የሚባሉ የሲዳማ ሴት ነበሩ፤ አባቴን በዕድሜ ስለሚበልጡት በስሙ ብቻ ይጠሩታል። በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው «ኩሴ፣ ለአተሩ በቆሎ አጠርክለት፣ ገለባም አለበስከው፤ ዘበኛውን የምትቀጥርለት መቼ ነው?» ይሉት ነበር።

«ዘበኛዋ ይቺውና፣ እትዬ» ይላቸውና ወደ እኔ ያመለክታል።

«ይቺ? ይቺማ ሌባ ቢመጣ አፍራ መንገድ ትለቅለታለች።»

እውነታቸውን ነበር። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅኩ እጄን አላወጣም፤ እንግዳ ሲመጣ ከበር ጀርባ እቆም ነበር። አባቴ ግን ማለዳ ስለሚወጣና ሲመለስም ብርሃኑ ስለሚደክም፣ ቅጠሉን የሚያይለት ሰው ይፈልግ ነበርና ያንን ሥራ ለእኔ ሰጠኝ። ማክሰኞና ሐሙስ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት፣ ቅዳሜም ማለዳ፣ ጤዛው ሳይደርቅ በየረድፉ መሐል እየተንበረከክኩ እያንዳንዱን ቅጠል በጣቴ ገልብጬ አይ ነበር። የታመመው ቅጠል ጥቁር አረንጓዴና ቢጫማ አረንጓዴ ይሆንና እንደ ጅግራ ላባ ይዥጎረጎራል፤ ይጨማደዳል፣ ጠርዙም ወደ ታች ይጠመዘዛል። እንዲህ ያለ ካገኘሁ ሳልነካው ቦታውን በልቤ ይዤ ማታ እነግረዋለሁ። እሱም የማዳበሪያ ጆንያ ገልብጦ እንደ ቆብ ያለብሰዋል፣ ክሽክሹ ወደ ጎን ሳይበተን ከነሥሩ ነቅሎ ጆንያው ውስጥ ያስቀረዋል፣ ከአጥሩ ውጭ ባለው ጉድጓድ ያቃጥለዋል። ከዚያ ጆጉን አንሥቶ እጄን በሳሙና እስከ ክርኔ ያስታጥበኝ ነበር፤ ውኃውን ቀስ እያደረገ ያፈስልኝና «የታመመ የነካ እጅ ጤነኛ አይነካም» ይለኝ ነበር። በዚያ ዕድሜዬ የሚያኮራኝ ነገር ይህ ብቻ ነበር። ማንም ያላየውን አይ ነበር፤ የምናገረውም ለአንድ ሰው ብቻ ስለሆነ አላፍርም ነበር።

እናቴ መንቀሉን አትወደውም ነበር። በተለይ አበባ ያወጣውን ጆንያ ሲያለብሰው ፊቷን አዙራ ወደ ቤት ትገባና «በእኛ አገር ያበበ ነገር አይነቀልም» ትላለች። አባቴም «ያበበውን መች ነቀልኩ፤ የነቀልኩት የታመመውን ነው» ይላታል። ይህን ሲባባሉ ጠብ አይመስልም ነበር፤ ደግሞም በየዓመቱ የሚነቀለው ከጥቂት እግር አያልፍም ነበር።

ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ሐረጉ መሬቱን ሸፍኖ አበባው ሲፈነዳ፣ ዘር የሚሆነውን የምትመርጠው ግን እናቴ ነበረች። ከአሮጌ ሹራብ የተተረተረ ቀይ ክር በጣቷ ጠቅልላ በማሳው ውስጥ ትዞራለች፤ ቀድሞ ያበበውን፣ ግንዱ የወፈረውን፣ ቅጠሉ የጠራውን ትመርጥና ሥሩ አጠገብ ክር ታስርበታለች። ሃያ ያህል እግር ትመርጣለች፤ የቀረው ይበላል፣ ክር የታሰረበት ግን ቅጠሉ ሳይቀር አይነካም። አባቴ በዚህ ላይ አንድ ሕግ ነበረው፦ ክር የታሰረበት አተር ቅጠሉ ከተለወጠ ክሩ ይበጠሳል፣ አተሩም ከሁሉ ቀድሞ ይነቀላል። «ሌላው ቢታመም የሚጎዳው ዘንድሮን ነው፤ ይሄ ቢታመም ግን የሚመጣውን ዓመት ሁሉ ነው» ይል ነበር።

አሥር ዓመት በሆነኝ በዚያ ዓመት የውኃ በርሜላችን አጠገብ የበቀለች አንዲት አተር ከሁሉ ቀድማ አብባ ነበር። እናቴ የመጀመሪያውን ክር ያሰረችው እሷ ላይ ነው። «እናቴን ትመስላለች፤ እሷም ከሰው ሁሉ ቀድማ ነው የምትነሣው» አለችኝ። በሳምንቱ አጎቴ ደውሎ አያቴ ማረፏን ነገራት።

እናቴ ለቀብሩ አልደረሰችም፤ መንገዱ ሩቅ ነበር፣ እነሱም የነገሯት ከቀበሯት በኋላ ነው። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ግን ቤታችንን ሞላው፤ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ የአባቴ የሥራ ጓደኞች፣ የሰፈሩ ሴቶች ሦስት ቀን ሲገቡና ሲወጡ ሰነበቱ። በሁለተኛው ቀን ለንፍሮ የሚሆን እህል አለቀ። እናቴ ተነሥታ ከአልጋው ሥር የነበረውን ቅል አወጣች፣ አመድ የተነሰነሰበትን ያለፈውን ዓመት ዘር በሰፌድ ላይ አራገፈችውና ለመቀቀል አጠበችው። አባቴ በር ላይ ቆሞ እያየ «ትንሽ አታስቀሪም?» አላት። «የእሷ ነው፤ ለእሷ ይበላ። አዲሱ ማሳው ላይ አለ» አለችው። ሁሉም ከዚያ ንፍሮ በሉ። እኔም በላሁ፤ ጨው በዝቶበት ነበር።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ የዘሩ ተስፋ ማሳው ላይ ያሉት ሃያ እግሮች ብቻ ሆኑ ማለት ነው።

ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ በርሜሉ አጠገብ ባለችው አተር ላይ ከላይ ያሉት ሦስት ቅጠሎች ተዥጎርጉረው አገኘኋቸው። ተንበርክኬ ብዙ አየኋቸው። ፀሐይ ያቃጠላቸው እንደሆነ ብዬ በእጄ ጥላ ጋርጄ ደግሜ አየሁ። አልነበረም። ከቤት ውስጥ እናቴ ለብቻዋ የምታለቅሰው ይሰማኝ ነበር፤ ሰው ካለ አታለቅስም፣ ሁላችንም ስንወጣ ነበር የምታለቅሰው፤ እኔ ጓሮ መሆኔን ረስታለች። ማታ ለአባቴ ብነግረው ጆንያውን ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ክሩን ሲበጥስ ታየኝ። እሷም በር ላይ ቆማ ስታየው ታየችኝ። ሦስቱን ቅጠሎች በጥፍሬ ቀጠፍኳቸውና መዳፌ ውስጥ አጣጥፌ ለኩርኩፋ ከሌሎቹ አተሮች ከቀጠፍኩት ቅጠል ጋር ቀላቀልኳቸው። ቅጠል መቅጠፍ የእኔ ሥራ ስለነበር ማንም ለምን አይለኝም ነበር። በሽታው ያለው ቅጠሉ ላይ ነው ብዬ አስቤ ነበር፤ ቅጠሉ ከሄደ በሽታውም የሄደ መሰለኝ። እጄንም አልታጠብኩም። ያለ ምክንያት ብታጠብ ይጠረጥሩኛል ብዬ ፈራሁ።

ማታ አባቴ ጫማውን እያወለቀ «ክር የታሰረባቸውስ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ደህና ናቸው» አልኩት።

ክረምቱን ሙሉ እንዲሁ ሆነ። ዝናቡ ሌሊት ይዘንብና ማለዳ ተራራው በጉም ተሸፍኖ ሲገኝ፣ ከሁሉ በፊት ወደ በርሜሉ እሄዳለሁ፤ አዲስ የተዥጎረጎረ ቅጠል ካለ እቀጥፋለሁ፣ ከዚያም በዚያው እጄ የሌሎቹን ቅጠል እየገለበጥኩ ረድፉን እጨርሳለሁ። አተሯ መልኳ ያማረ፣ ግን ራሷ የተመለጠ ሆነች። እናቴ አንድ ቀን አጠገቧ ቆማ «ምነው ቅጠሏ ሳሳ?» ስትል «ዶሮ ነው» አልኳት። አባቴ ክር የታሰረባቸውን ራሱ አላያቸውም ነበር፤ ለምን ያያል፣ እኔ አይቻቸው የለም እንዴ። ሐምሌ ላይ ሌሎች አራት እግሮች ታመሙ፤ ክር የሌለባቸው ነበሩና እነሱን ሳልደብቅ ነገርኩት። ነቀላቸው፣ አቃጠላቸው፣ እጄንም አስታጠበኝ። «ጎበዝ» አለኝ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ፍሬው ደረቀ። ፀሐይ በወጣችበት ቀን ሰሌን ላይ ስናሰጣው ልባሱ ራሱን በራሱ እየፈነዳ ቋ፣ ቋ ይል ነበር፤ እናቴ ከለቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ያየኋት በዚያ ድምፅ ነው፤ አንዱ ፍሬ ፈንጥሮ የአባቴን ግንባር ስለመታው። የሃያውም እግር ዘር በአንድ ላይ ተወቅቶ አንድ ቅል ውስጥ ገባ። የበርሜሏ አተር ፍሬ ከሌሎቹ ያንስ ነበር፣ ጥቂቱም የተጨማደደ ነበር፤ ግን ሲቀላቀል አይለይም።

መስከረም ላይ በቤተ ክርስቲያናችን የበኩራት ቀን ሆነ። በዚያ ቀን ሁሉም ከምርቱ የመጀመሪያውን ይዞ ይመጣል፤ ማሽላ፣ ቦዬ፣ ዱባ፣ አቮካዶ፣ እግሩ የታሰረ ዶሮ ሳይቀር ከመድረኩ ፊት ይደረደራል። ብዙ ጊዜ የመጣው ነገር ከጸሎት በኋላ ለምእመኑ ይሸጥ ነበር። እናቴ ግን የዘሩን እኩሌታ በሰፌድ ይዛ ቀርባ፣ የእናቷን ነገርና ያገሯን ድርቅ ስትናገር ሰዉ ሁሉ አለቀሰ፤ መጋቢውም «ይህ አይሸጥም። ይህ ዘር ነው፣ ይካፈል» አሉ። ጓሮ ያለው ሁሉ በመዳፉ ልክ ተቀበለ። እትዬ ዳንጊሴ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው «በሚቀጥለው ዓመት በቆሎዬን አጥሬ፣ ገለባዬን አልብሼ፣ እንደ ባልሽ ሐኪም እሆናለሁ» ብለው እናቴን አቀፏት። እኔ ከመጨረሻው ወንበር ላይ ሆኜ ሰፌዱ ሲራገፍ አየሁ። መነሣት ነበረብኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መነሣት እንደማልችል ለራሴ ነገርኩት፤ ግን ቤት ስንደርስ ሦስት ብቻ ነበርን፣ ያኔም አልተናገርኩም።

በጋው አለፈ። አባቴ ከአዝመራ በኋላ ራሱን ችሎ የበቀለውን ሁሉ እየነቀለ፣ መሬቱ እስከ በልግ ድረስ ምንም አተር እንዳይዝ አድርጎ አጸዳው። እኔም በጊዜ ብዛት ረሳሁት፤ ወይም ረሳሁት ብዬ አመንኩ።

በመጋቢት ዘራን። ዝናቡ ጥሩ ነበር፣ ሁሉም በቀለ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ እሑድ ማለዳ አባቴ ራሱ ጓሮ ወጣና ሳይመለስ ዘገየ። ስሄድ መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከመሬት ገና አንድ ስንዝር ያልራቀው ቡቃያ እዚህም እዚያም ተዥጎርጉሯል፤ ክሽክሽ የሚባል አንድ እንኳ አልነበረበትም። አባቴ ሳያየኝ ሳይሆን አይቶኝ፣ ለራሱ እንደሚናገር «የመጀመሪያው ቅጠል ላይ ከታየ ከውጭ የመጣ አይደለም፤ ከዘሩ ነው» አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሮ፣ ሳይቆጣ፣ በቀስታ ጠየቀኝ።

«ክር የታሰረባቸው ላይ ምንም አላየሽም ነበር፣ አይደል?»

«አላየሁም።»

ራሱን ነቀነቀ። እኔን ለአፍታ እንኳ አልጠረጠረኝም። መጠርጠር የሚችልበትን ሌላ ፈለገና ራሱን አገኘ። ከማሳው በሥራ ልብሱ እየመጣ፣ በዚያው ጫማ ጓሮ ገብቶ ክር በታሰረባቸው አተሮች መሐል ሲመላለስ እንደነበር አስታወሰ፤ ንጹሕ መስለው ከውስጥ የታመሙት እሱ ይዞ በመጣው ነው ብሎ ደመደመ። በዚያው ቀን ልብሱን ጉድጓዱ ውስጥ ጨምሮ ሊያቃጥለው ሲል እናቴ ናት ከእጁ የነጠቀችው።

ከዚያ በየቤቱ ሄደ። አብሬው ሄጃለሁ፤ ጆንያ ተሸክሜለታለሁ። እያንዳንዱ በር ላይ ኮፍያውን አውልቆ የሰጠናችሁ ዘር ታሟል፣ ሌላውም እንዳይያዝ ሁሉም ይነቀል፣ ለአንድ ዓመትም አተርና ቦሎቄ አይዘራ እያለ ይለምን ነበር። አንዳንዱ እሺ አለ፣ አንዳንዱ ስንሄድ ከኋላችን ሳቀ። እትዬ ዳንጊሴ ቃላቸውን ጠብቀው በቆሎ አጥረው፣ ገለባ አልብሰው ነበር። አባቴ ያለውን ሁሉ ሰምተው ሲጨርሱ «በበረከት ሰጥታችሁኝ በጆንያ ልትወስዱት መጣችሁ?» አሉ። ቀጥለውም «ኩሴ፣ ያ የምትሠራበት ቦታ በሽታውን እያመጣ ይመረምረዋል ይባላል። በልብስህ ይዘህብን መጥተህ ይሆን?» አሉት። ክፋት አልነበረባቸውም፤ የመሰላቸውን ነው የጠየቁት። እሱም «ሳይሆን አይቀርም፣ እትዬ» አላቸው። ጆንያውን ይዤ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

ወሬው በሰፈሩ ተዛመተ። ሰዎች በሌላው ዓመት የበቆሏቸው ቅጠል ሲደርቅ እንኳ የአባቴን ስም ያነሡ ነበር። እሱም በሰው ጓሮ አጠገብ ማለፍ ትቶ ወደ ሥራ በረጅሙ መንገድ መሄድ ጀመረ፤ ሲመለስ በራችን ላይ ጫማውን ያወልቃል፣ ያራግፋል፣ ልብሱን አጥሩ ላይ ሰቅሎ ነው የሚገባው። በኋላም ከማሳው አውጡኝ ብሎ ራሱ ጠይቆ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ዘበኛ ሆነ። እትዬ ዳንጊሴ የድሮውን የዘበኛ ቀልዳቸውን ረስተውት ይሁን አዝነውለት እንጃ፣ ስለዚያ ምንም አላሉም።

አጎቴ በዚያው ክረምት መጣ። በአገራቸው ዝናብ ገብቷል፣ እርከኑ ተጠግኗል፣ የቀረው ዘር ነው። አያቴ የተወችውን ባዶ ቅል በፎጣ ጠቅልሎ ይዞ ነበር። ማሳችን ላይ በዚያን ጊዜ ዘሩ ጨርሶ እንዳይጠፋ ብለን ያልነቀልናቸው፣ ጤነኛ የሚመስሉ ሠላሳ የማይሞሉ እግሮች ነበሩ፤ አባቴ ከእነሱም አንዲት ፍሬ እንዳትሄድ ከለከለ፤ ያገራቸው መሬት ገና ንጹሕ ነውና እንዳይበክሉት። እናቴ አልተከራከረችውም። አጎቴን ለመሸኘት ከእሷ ጋር መናኸሪያ ሄድኩ። ረዳቱ «አርባ ምንጭ፣ አርባ ምንጭ» እያለ ሲጮህ፣ አጎቴ በመስኮት ቅሉን አውጥቶ ሊሰጣት ፈለገ፤ «አንቺ ጋ ይቀመጥ፣ ሲሞላ ትልኪዋለሽ» አላት። «ውሰደው። ውኃ ቅዱበት» አለችው። አውቶቡሱ ሲወጣ እጇን አላወዛወዘችም። ወደ ቤት እስክንደርስ ድረስ እጄን ይዛ ነበር፤ የያዘችው ግራ እጄን ይሁን ቀኝ እጄን ዛሬም አስታውሳለሁ። ቅጠሉን የቀጠፍኩበት ነበር።

ሦስት በልግ ሞከርን። በየዓመቱ አባቴ የጠራ የመሰለውን ብቻ ያስቀራል፣ በየዓመቱም የሚቀረው ያንሳል። በዙሪያችን ያልነቀሉት ጓሮዎች ነበሩና ክሽክሹ ከእነሱ እያነሣ ያመጣዋል፤ በቆሎው ያንን ሁሉ አፍ ሊጠርግ አልቻለም። በመጨረሻው ዓመት ስድስት እግር በቀለ። ግንቦት ላይ የቀረችው አንድ ነበረች፤ አብባ ነበር። አንድ ጠዋት ቅጠሏ ሲለወጥ ለአባቴ ወዲያው ነገርኩት፤ አሁን መናገር ምንም አያስከፍልም ነበርና። ጆንያውን ይዞ ሲመጣ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ያበበ አይነቀልም አላለችም። ፊቷንም አላዞረችም። ክሩን ራሷ ፈታችውና ለእሱ መንገድ ለቀቀችለት።

ያ ጓሮ ዛሬ የለም፤ ከተማው ተስፋፍቶ ቤት ተሠርቶበታል፣ እኛም ወደ ሌላ ሰፈር ገብተናል። እኔ የዕፅዋት ሳይንስ ተማርኩ፤ ሰዎች የአባቴን ፈለግ ተከተለች ይላሉ። በሽታው ቅጠሉን ሳይሆን መላ አካሉን እንደሚይዝ፣ በእጅም ጭምር ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚሻገር፣ ከታመመችው እናት ዘር ጥቂቱ ብቻ ታምሞ እንደሚበቅልና ያ ጥቂት ግን እንደሚበቃ የተማርኩት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። ማስታወሻ እየያዝኩ ነበር፤ ጽሑፌ አልተዛባም። አሁን ማሳ ላይ የተለወጠ ቅጠል ሳይ ሳልዘገይ ጆንያ አለብሰዋለሁ፣ ያበበም ቢሆን። ኃላፊዬ እጅሽ ፈጣን ነው ይለኛል።

አባቴ ጡረታ ወጥቷል። ከእናቴ ጋር ሆነው በረንዳቸው ላይ ጥቂት ጎመን በባልዲ ይተክላሉ፤ ውኃ የምታጠጣው እሷ ናት፣ እሱ አይነካውም። ያ ጭስ የመታኝ ዕለት ከሥራ በቀጥታ ወደ እነሱ ሄድኩ። አባቴ ሱቅ ደርሶ እየተመለሰ ኖሮ በር ላይ አገኘሁት፤ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያወልቅ ነበር። ልብሴን አሸተተና «አቃጠላችሁ?» አለኝ። አዎ አልኩት። ከዚያም ለዓመታት ሳዘጋጀው የኖርኩትን ንግግር ጀመርኩ።

«አባባ፣ ይሄ በሽታ እኮ በልብስና በጫማ አይመጣም። ወይ በክሽክሽ ነው፣ ወይ በእጅ ንክኪ ነው፣ ወይ ደግሞ ከታመመ አተር በተወሰደ ዘር ነው። አንተ አላመጣኸውም።»

ጫማውን በእጁ እንደያዘ ብዙ አየኝ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሊፈታ ሲል አየሁ።

«ክር የታሰረባቸውንማ አንቺ ነበርሽ የምታዪያቸው» አለ። «ንጹሕ ነበሩ። ታዲያ ከየት መጣ?»

የጀመርኩት ንግግር ቀጣይ ነበረው። አልቀጠልኩትም። ጥቂት ጠበቀኝና «አየሽ፣ ከእኔው ነው» አለ፤ ጫማዎቹን እርስ በርስ አጋጭቶ አቧራቸውን አራገፈ፣ ደጅ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ልጅ ሳለሁ ጆጉን የሚይዘው እሱ ነበር፤ አሁን የምይዘው እኔ ነኝ። ውኃውን ቀስ እያደረግኩ አፈሰስኩለት፣ እሱም ንጹሕ እጁን በሳሙና እስከ ክርኑ ድረስ ታጠበ።